የግቢው ሶፋ

ሚጣ ያን ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ወደ ጣሪያው የተሰቀሉ አራት የእንጨት እግሮች ነበር። ቀጥሎ የእናቷን ድምፅ ሰማች። «ቀስ! ኧረ ግድግዳውን! አከራዬ ይሰቅለኛል!» እግሮቹ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ ሲሉ ቆይተው በሩ ላይ ተቀረቀሩ። ከእግሮቹ ኋላ ግቢው ፕሮፌሰር የሚለው የጎረቤት ልጅ ራስ ብቅ አለ። «እግሩ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ» አለ ለራሱ፣ ቀመር እንደሚሸመድድ ተማሪ፤ ሶፋውም እንዳለው ገባ። ያንን ሶፋ በግቢው ካሉት ጠባብ በሮች የማስገባት ጥበብ የእሱ ብቻ ነው። ሚጣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ሶፋ እየገባ መተኛት የሚባል ነገር የለም።

ስለ ሶፋው አለመናገር አይቻልም። ድሮ አንድ ተከራይ ከዚህ ግቢ ለቆ ወደ ጠበበ ቤት ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። አከራዩ «ከፈለጋችሁ ለማገዶ ፍለጡት» ቢልም ተከራዮቹ አንጀታቸው አልቻለም። ቡናማ ነው፣ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፣ ጀርባው ላይ ቅርጽ አለው። ግን ደግሞ የማንም ቤት ለዘለቄታው አይችለውም፤ እሱ ከገባ አልጋ መውጣት አለበት። ስለዚህ በጋራው በረንዳ ጫፍ ፕላስቲክ ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ ይኖራል። አንዱ ቤት አማች ሲመጣ፣ አለቃ ሲመጣ፣ ከሩቅ ኩሩ ዘመድ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይገፈፍና ሶፋው ወደዚያ ቤት ይገባል፤ እንግዳው ሲሸኝ ተመልሶ ይታሰራል። አንድ ሕግ አለው፤ ማን እንዳወጣው ባይታወቅም ሁሉም ያከብረዋል። ያለ እንግዳ ማንም አይቀመጥበትም። የተገኘ ሕፃን የማንም ልጅ ይሁን ማን ጆሮውን ተይዞ ይነሳል። ሚጣ ራሷ እዚህ ግቢ ስታድግ ሁለት ጊዜ ጆሮዋ ቀልቷል።

ሶፋው ግድግዳውን ይዞ ሲደላደል ሚጣ ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየችው። የእሷ ቤት አይመስልም። ወለሉ ላይ የሹፌሩ ምንጣፍ ተዘርግቷል። መደርደሪያው ላይ የፊተኛው ክፍል ተከራዮች ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ሽቦው አልተሰካም፤ የሚሰካበትም የለም። በመስኮቱ ሥር ግን፣ የእናቷ የልብስ ስፌት ማሽን ዕድሜ ልኩን የቆመበት ቦታ ላይ፣ የማሽኑ እግሮች ሲሚንቶው ላይ የተዉት ምልክት ብቻ ነው የቀረው።

«እማ፣ ማሽኑስ?»

«እትዬ ዳቦ ጋ ወስደነዋል። ታዲያ እንግዳ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ መሀል ይቀመጥ?» እናቷ ይህን ያለችው ትራስ እየመታች ነው። ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ ሚጣ አይታው አታውቅም። «ቤት ሊያዩ ይመጣሉ አላልሽም? ይዩዋ! ቤቷን መያዝ ያቃታት ሴት ልጅ ምን ትማራለች እንዳይሉ።»

ሚጣ ብርድ ልብሷን አጣጠፈች። ጥፋቱ የራሷ ነው። አንድ ድርጅት በየዓመቱ ውጤታቸው ያማረ፣ ቤተሰባቸው ግን የዩኒቨርሲቲ ወጪ የማይችል ልጆችን እየመረጠ እስከ ምረቃ ድረስ ያስተምራል። መጀመሪያ ውጤት ይታያል፤ ቀጥሎ ተማሪው ስለ ራሱና ስለሚኖርበት ቤት ይጽፋል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል፤ በመጨረሻ የድርጅቱ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ያያል። ሚጣ የጻፈችው ስለ ማሽኑ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከማሽኑ ሌላ ጠረጴዛ ስለሌለ እናቷ ስትሰፋ እሷ ጥጉ ላይ ደብተሯን ዘርግታ እንደምታጠና፣ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ፊደሎቿ እንደሚንቀጠቀጡ፣ አንድ መምህር «ይሄን በአውቶቡስ ላይ ነው የጻፍሽው?» ብሎ ክፍሉን እንዳሳቀባት። ጽሑፉን ለእናቷ አላነበበችላትም። ስለ ጉብኝቱም «ቤት ሊያዩ ይመጣሉ» ብቻ ብላ አለፈችው። ምን ትበል? «እማ፣ የሚመጡት እንደሌለን ለማረጋገጥ ነው» ይባላል? ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ እያለች ስንት ማታ አለፈ። አሁን ደግሞ ሶፋው ገብቷል።

ፊቷን ታጥባ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። በረንዳው ላይ ፕሮፌሰር ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። «ዛሬ አይዞሽ» አላት። ፕሮፌሰር የሁለተኛው በር ጎረቤታቸው የእትዬ ዳቦ ልጅ ነው፤ አምና እሱም ለዚሁ ድርጅት አመልክቶ ሳይቀበሉት ቀረ። አሁን ጎሚስታ ቤት ጎማ ይጠግናል። ቅጽል ስሙን ግቢው ያወጣለት ገና አንደኛ ደረጃ እያለ ነው፤ ዕጣው ከተለወጠ በኋላ ስሙን መለወጥ ደግሞ ማንም አልደፈረም።

ትምህርት ቤት ዛሬ ለሚጣ የመማሪያ ሳይሆን የመጠበቂያ ቀን ነበር። የድጋፍ ደብዳቤዋን አማካሪዋ መምህርት ጽፋላታለች፤ ማኅተሙ ግን ምክትል ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ምክትሉ ኪስ ውስጥ ነው፤ ምክትሉ ስብሰባ ላይ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከመምህር ይልቅ የሚወዱት ያንን ማኅተም ነው። ሚጣ ከአማካሪዋ ቢሮ በር ጎን ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አማካሪዋ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር ሻይ እየጠጣች ነው። ስለ ጫማ ሲያወሩ ሚጣ አልሰማቻቸውም፤ ስለ እሷ ሲጀምሩ ግን ጆሮዋ ቆመ።

«ዛሬ ከሰዓት የሚያዩት የዚያችን የልብስ ሰፊዋን ልጅ ቤት ነው» አለች አማካሪዋ። «ብቻ እንደዚያ እንደ አምናው ልጅ እንዳትሆን።»

«የቱ? ፕሮፌሰር የሚሉት?»

«እሱ። ግቢያቸው አንድ ነው። በውጤት የሚደርስበት ነበር እንዴ? ቢቸግረኝ ድርጅቱ ጋ ደውዬ ምነው ብላቸው ቤተሰቡ ደህና ኑሮ አለው አሉኝ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ቴሌቪዥኑ። እናቱ እኮ ዳቦ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ናት!»

«እና ዝም አልሽ?»

«አንዴ ከተወሰነ አይመለስም አሉኝ። ዘንድሮ እንዳይሞክር ደግሞ የሚቀበሉት የዓመቱን ተፈታኝ ብቻ ነው። ለልጁም አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ሶፋችሁ ነው ልበለው?»

ውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። ሚጣ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ፕላስቲክ ማህደር አጥብቃ ያዘችው። በመጀመሪያ የተሰማት ለፕሮፌሰር ሐዘን አልነበረም፤ እውነቱ ይነገር፣ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ነው። ያው ሶፋ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ቴሌቪዥን አሁን እሷ ቤት ተደርድሮ እንግዳ እየጠበቀ ነው። ሐዘኑ ቆይቶ መጣ። አምና ያ ሶፋ ለፕሮፌሰር ሲገባ የእናቷ እጅም ነበረበት። እሷም ትራስ ይዛ ተከትላለች።

ማኅተሙ በስንት መከራ ተመታ። አማካሪዋ ደብዳቤውን ስትሰጣት ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «ሲጠይቁሽ አትሽኮርመሚ፤ እንባ ከመጣብሽም ብዙ አትከልክይው» አለቻት። ሚጣ «እሺ ቲቸር» ብላ እንዳልሰማች ሆና ወጣች።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ባለቤቱ የማመልከቻ ሰሞን መሆኑን ስለሚያውቅ የአንድ ገጽ ዋጋ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ አዲሱን ጽፎበታል፤ ለምን ሲሉት «ቀለም ተወደደ» ይላል፤ ቀለሙ የሚወደደው ግን በየዓመቱ በዚህ ወር ብቻ ነው። ሰልፉ ላይ ወሬው አንድ ነው፤ ምን ላይ ጻፍክ፣ ምን ላይ ጻፍሽ። ከሚጣ ፊት ያለው ልጅ በጽሑፉ አያቱን ገድሎ፣ በሐዘኑ በርትቶ እንዳጠና አድርጎ ጽፏል። አያቱ ግን ሰልፉ ላይ አብረውት ቆመዋል፤ ማህደሩን የያዙለት እሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚጣ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ያሰበችው፣ እኔ እውነቱን ጽፌ ውሸታም ልባል ነው፤ እሱ ዋሽቶ እውነተኛ ሊባል ነው፤ ይህን ብቻ ነው።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በጎሚስታው በኩል ያልፋል። ፕሮፌሰር የውሃ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የተነፋውን የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ክርኑ ድረስ ርሷል። ሲያያት ቀና ብሎ ሳቀ፤ እንዳይነካት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ማህደሩን በዓይኑ መረመረ። «ደብዳቤው ማኅተም አለው? ጎሽ። የድርጅቱ ሴት ስትገባ ቆመሽ ተቀበያት። ጥያቄውን ሳትጨርስ አትመልሺ። እና ደግሞ...» ትንሽ አመነታ። «ስለ ጽሑፍሽ ከጠየቀችሽ የጻፍሽውን በደንብ አስረጂያት። እኔን የጣለኝ ጽሑፌ ነው። ዓመት ሙሉ ሳስበው የት ላይ እንዳበላሸሁት አውቄዋለሁ። ስለ አባቴ የጻፍኩት አንቀጽ በዛ። ሲያነቡት ለቅሶ መስሏቸው ነው።»

ሚጣ አፏን ከፈተች። ጽሑፍህ አይደለም፣ ሶፋው ነው የሚለው ሊያመልጣት ነበር። ግን ሶፋውን ለእሱ ያስገባችው እናቱ ናት። ነገሩ አንዴ ከአፏ ከወጣ ዛሬ ማታ እትዬ ዳቦ ቤት ይገባል፤ እትዬ ዳቦም ልጄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብለው ነው ከዚህ በኋላ የሚኖሩት። ባትናገር ደግሞ ይሄ ልጅ ጎማ እያዞረ አንድ ጥሩ አንቀጽ ሲወቅስ ሊኖር ነው። ካላማዳሪው ውስጥ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። «አገኘሁት!» አለ ፕሮፌሰር በጣቱ ይዞ። «በይ ሂጂ፣ አትዘግዪ።»

ቤት ስትደርስ እናቷና እትዬ ዳቦ ሶፋውን ዳንቴል እያለበሱ ነው። እትዬ ዳቦ ከዳቦ ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀው፣ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለው፣ ስድስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ከየቤቱ ሰብስበው መጥተዋል። የሶፋው የቀኝ ክንድ ላይ ድሮ ካውያ ያሳረፈበት ባለ ሦስት ማዕዘን የተቃጠለ ምልክት አለ፤ እሱ ላይ ወፍራሙን ዳንቴል መርጠው ደረቡበት። ሚጣ እናቷን በዓይኗ ወደ ጓዳው መጋረጃ ጠቀሰቻት። መጋረጃው ኋላ፣ ከምድጃውና ከድስቶቹ መሀል፣ ሁለቱም ቆሙ። «እማ፣ ሶፋውን እናውጣው።»

እናቷ አልገባትም። «አሁን? ልትመጣ ምን ቀራት? ለምን?»

«ማሽኑን እንመልሰው በቃ። እንደ ድሯችን ይሁን። እነሱ እኮ...» መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ዳቦ ስኳሩን ሊወስዱ ገቡ። ሁለቱንም አይተው ፈገግ አሉ። «ፈርታ ነው» አሉ ለእናቷ፤ ከዚያ የሚጣን ጉንጭ በዱቄት ጣታቸው ያዙ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። አምና ለልጄ ያልሆነው ዘንድሮ ላንቺ ይሆናል። ቤቱን እንደሆነ አሳምረነዋል። እኔ ሻዩን አፈላለሁ፤ እናትሽ እንደ እመቤት ከእንግዳዋ ጋር ትቀመጥ።» ሚጣ የጀመረችውን ዋጠችው። እናቷም የልጅ ፍርሃት ነው ብላ ስኳሩን አቀብላ ወጣች።

የድርጅቱ ሴት የመጣችው ብዙ ሳትቆይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ከታክሲ ወርዳ ብዙ እንደጠየቀች ያስታውቃል። እናቷ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ ላይ» እያለች ሶፋው መሀል አስቀመጠቻት። ከእንግዳዋ አጠገብ ግን አልተቀመጠችም፤ አጭር በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ሆነች። የሶፋውን ባዶ ቦታ ትታ በርጩማ ላይ መቀመጧ ለሚጣ ታወቃት፤ ሴትዮዋ ይታወቃት አይታወቃት ግን አልገባትም። ሚጣ ስለ ትምህርት ተጠየቀች፣ መለሰች። ምን መማር እንደምትፈልግ ተጠየቀች፣ መለሰች፤ ድምጿ መጀመሪያ ላይ ቀጠነ፣ ኋላ ተስተካከለ። ሴትዮዋ እየጻፈች፣ በመሀል በመሀል ቀና እያለች ዓይኗን ቤቱ ላይ ታንቀሳቅሳለች። ምንጣፉን አየች። ቴሌቪዥኑን አየች። ብዕሯ ቆመ።

«ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ» አለች። «የሚንቀጠቀጠው ጠረጴዛ የታለ?»

እናቷ ዞር ብላ ሚጣን አየቻት፤ የምን ጠረጴዛ ነው የሚሉት የሚል ነበር ዓይኗ። ሚጣ መልስ ስትፈልግ ሴትዮዋ ክንዷን ሶፋው ላይ አሳረፈች፤ ዳንቴሉ ሸርተት አለ። ሴትዮዋ የተቃጠለውን ቦታ በጣቷ ነካችው። በሦስቱ ማዕዘን ዙሪያ ጣቷን አስኬደች፤ የሆነ ሰው መልኩ መጥቶላት ስሙ እንደጠፋባት ሰው ግንባሯ ተቋጠረ። «ይሄ ሶፋ የናንተ ነው?»

መጋረጃው ኋላ የማንኪያ ድምፅ አቆመ። ሚጣ ሁሉንም በአንዴ ሰማችው፣ የምድጃውን እሳት፣ በረንዳው ላይ የሚጫወቱትን ልጆች፣ የእትዬ ዳቦን ትንፋሽ። አሁን «አይደለም» ብትል ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው፣ እጇ ላይ። «አይደለም» ካለች ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እትዬ ዳቦ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ልጄን የት እንደጣልኩት አሁን ገና ገባኝ የሚያሰኝ። እናቷም እያየቻት ነው፤ የእናቷ ዓይን «አዎ በይ» ይላል።

«አዎ» አለች ሚጣ። «የኛ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው እትዬ ዳቦ ሻይ የተደረደረበትን ሰርቪስ ይዘው መጋረጃውን በትከሻቸው ገፍተው የወጡት። ሴትዮዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንዴ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ ደግሞ ድምፁን የት ነው የማውቀው እላለሁ። አምና እኔ ቤት እኮ መጥተዋል! ያ ሁለተኛው በር!» ለሚጣ እናት ዞር ብለው «እኔ ጋ የመጡት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሻይ ደገሙልኝ» አሉ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። እትዬ ዳቦን አየች፤ ሶፋውን አየች፤ ጣቷ አሁንም የተቃጠለው ላይ ነው። «አምና የተቀመጥኩት ይሄ ላይ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

እናቷ ደንግጣ «ይመሳሰላል» አለች። እትዬ ዳቦ ግን ሳቁ። «አይመሳሰልም፣ ራሱ ነው! ምን እንደብቃለን፣ የማንም አይደለም። የግቢው ነው። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ይገባል፤ አምና እኔ ጋ፣ ዘንድሮ እዚህ። እንግዳ ታዲያ መሬት ይቀመጣል? ምንጣፉም የሹፌሩ ነው። ያ ቴሌቪዥንም ቢሆን...» እየሳቁ ሲናገሩ እንግዳዋ አብራቸው እንዳልሳቀች አዩ። ሳቃቸው አነሰ። ሰርቪሱን እንደያዙ ቆሙ። «ምነው?» አሉ። ከዚያ በዝግታ፣ ለመስማት የፈለጉት በማይመስል ድምፅ፣ «አምና ምን ብለው ነው የጻፉት?»

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ እማማ» አለች። «ያየሁትን።»

ሚጣ ሮጣ ሰርቪሱን ተቀበለቻቸው። እትዬ ዳቦ እጃቸው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስል በሽርጣቸው ጠረጉት፤ ምንም አልነበረበትም፤ ደገሙት። እናቷ ከበርጩማዋ ተነስታ አጠገባቸው ቆመች እንጂ አልነካቻቸውም። ሁለቱ ሴቶች ስንት ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል፣ ስንት ጊዜ ሶፋውን ከዚያ ወደዚህ አዙረዋል። ሴትዮዋ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ «የእሱን ጽሑፍ አልረሳሁትም» አለች። «ስለ አባቱ የጻፈውን። በዚያ ዓመት ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ እሱ ነበር። ቤቱን ሳየው ነው... ግራ የገባኝ። አሁን ላስተካክለው የምችልበት መንገድ የለም። ቢኖር እነግርዎት ነበር።»

የእትዬ ዳቦ ዓይን ሴትዮዋ ላይ ሳይሆን ሶፋው ላይ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ እርስዎ ማለታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። እኛ ነን ያሳየንሽ» አሉ። ከዚያም ብርጭቆውን አንስተው በእጇ አስያዟት። «ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል። ለሷ ግን ደህና አድርገሽ ጻፊላት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያለ ብዙ ንግግር ሆነ። እናቷና እትዬ ዳቦ ሁለተኛው በር ሄደው ማሽኑን በሁለት በኩል ይዘው መጡ፤ ምንጣፉን ጠቅልለው በመስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ባለው ምልክት ላይ፣ አራቱን እግር በየቦታው አቆሙት። ሴትዮዋ በርጩማውን ስባ ወረቀቷን የማሽኑ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ዘረጋች። «እስቲ ይስፉ» አለች። እናቷ ዓይኗ እርጥብ ሆኖ፣ ያላለቀ እጅጌ ከመርፌው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ሴትዮዋ ሁለት መስመር ያህል ጻፈች። ቆም ብላ የራሷን ፊደል አየችው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ብሏል። ለሚጣ እያሳየቻት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እናቷም ወረቀቱን አየች፤ ልጇ ምን ጽፋ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ፔዳሉን ቀስ አድርጋ መርገጥ ጀመረች።

ፕሮፌሰር ከሥራ ሲመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጥቦ፣ ሳይጠሩት ሶፋውን ሊያወጣ መጣ፤ ለእሱ እንግዳ ሸኝቶ ሶፋ መመለስ የተለመደ ሥራው ነው። «እንዴት ነበር?» አለ። እናቷ «ጥሩ ነበር» አለችው፤ ወደ ማሽኗ ዞረች። ሚጣ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው በኩል ያዙ። እትዬ ዳቦ ትራሶቹን አቅፈው ከኋላ ተከተሉ። እንግዳዋ ከሄደች ወዲህ ዳቦውን ለበረንዳው ልጆች አድለው ጨርሰውታል። «እግሩ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ግራ» አለ ፕሮፌሰር እንደ ልማዱ። ሶፋው በሩ ላይ ዘንበል ሲል ክንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ሶፋ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!»

ሚጣ ዞር ብላ እትዬ ዳቦን አየች። እትዬ ዳቦም አዩዋት፤ ትራሶቹን አጥብቀው ያዙና ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁላት።

«ጽሑፍህ ጥሩ ነበር አለች» አለች ሚጣ።

ሶፋው ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቆመ። «ማን?»

«ሴትዮዋ። ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ ነበር አለች። ስለ አባትህ የጻፍከውን።»

ፕሮፌሰር ሚጣን አየ፤ ከሶፋው በላይ እናቱን አየ። ያንን ክብደት እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «አውጡትና አስቀምጡት» አሉ እናቱ። አውጥተው በረንዳው ጫፍ፣ ሁልጊዜ በሚታሰርበት ቦታ አስቀመጡት። ሚጣ ፕላስቲኩን ልታለብሰው ስታነሳ እትዬ ዳቦ እጇን ያዙ። ትራሶቹን አንድ በአንድ በየቦታቸው አስቀመጡ። ከዚያ ራሳቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ዳንቴል ባልለበሰው፣ በተቃጠለው ክንድ በኩል። ገመድ የሚዘሉት ልጆች ይህን ሲያዩ ጨዋታቸውን አቁመው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ተቀመጥ» አሉት ልጃቸውን፣ አጠገባቸው ያለውን ቦታ እየመቱ።

«እዚህ ላይ?» አለ ፕሮፌሰር። ዙሪያውን አየ። «እንግዳ ሳይኖር?»

«ተቀመጥ ልጄ፣ የምነግርህ አለ።»